በራሳችን ማስመሪያ እንለካ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ለወጣቶችና ለወላጆች የቀረበ ንግግር)



እኛ የዚህን መጽሔት ገጽ የምናሰናዳ ወጣቶች ዛሬ እንድንናገር የተሰጠን ርእስ የገጽ አሠራርና መለኪያዎቹ ነው። ደረቅ ርእስ ይመስላል፤ እናውቃለን። ስለ ማስመሪያ፣ ስለ ሚሊሜትር፣ ስለ ፊደል መጠን ማን ቁጭ ብሎ ይሰማል? ግን ትንሽ ታገሡን። ጉዳዩ ወላጆቻችን በቋንቋቸው የታተመላቸውን ወረቀት ራሳቸው ያነቡታል ወይስ በልጅ ያስነብቡታል የሚል ነው።

እስቲ በየቤታችን የሚመጣውን ወረቀት እናስብ። ባንድ በኩል ዕብራይስጥ፣ በሌላ በኩል አማርኛ ሆኖ የሚታተም ማስታወቂያ ብዙ ነው። ዕብራይስጡ ዘና ብሎ ተቀምጧል። አማርኛው ግን ዕብራይስጡ የያዘውን ያህል ቦታ ብቻ ተሰጥቶት፣ እዚያ ውስጥ እንዲገባ ተብሎ ይጨመቃል። ፊደሉ ይደቅቃል፣ መስመሩ ይጠጋጋል። እናት ወረቀቱን ይቀበሉና ራቅ ያደርጉታል፣ ቀረብ ያደርጉታል፣ ወደ መብራቱ ያዞሩታል። ከዚያ «ዓይኔ ደክሟል ልጄ፣ አንቺ አንብቢልኝ» ይላሉ። ልጅቷ የምታነበው ደግሞ የሚቀላትን ዕብራይስጡን ነው። አንብባም በምታውቀው አማርኛ ልክ ታስረዳለች፤ ያልገባትን ትዘላለች። ታዲያ ያ ሁሉ አማርኛ ለማን ታተመ?

በርግጥ ዕድሜ ዓይንን ያደክማል። ማንበብ የመማር ዕድል ያላገኙ ወላጆችም አሉን። ነገር ግን ዳዊታቸውን በደንብ የሚያነቡ አባት አንድ ገጽ ማስታወቂያ ሲያቅታቸው ጥፋቱ የዓይናቸው ብቻ ሊሆን አይችልም። ገጹን ማንም አልለካውም። መለካት ደግሞ መማር የሚቻል ነገር ነው። ስለዚህ ከመለኪያው እንጀምር።

ወላጆቻችን ያደጉት በክንድ፣ በስንዝርና በጋት ሲለካ እያዩ ነው። ክንድ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ፣ ስንዝር የተዘረጋ እጅ፣ ጋት የአራት ጣት ወርድ። የክንድ ችግር የታወቀ ነው፤ የሰው ክንድ እኩል አይደለም። ጨርቅ ሻጭ አጭር ክንድ ይወዳል፣ ገዢ ረጅም ክንድ ይወዳል። የአውሮፓ አታሚዎችም እንዲሁ ነበሩ። የፊደል መጠን በስም ይጠራ ነበር እንጂ የጋራ ቁጥር አልነበረውም፤ ያንዱ ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል ከሌላው ጋር አይገጥምም ነበር። በ1737 ፒየር ሲሞን ፉርኒዬ የሚባል ፈረንሳዊ ፊደል ሠሪ መጠኖቹን ሁሉ በአንዲት ትንሽ መለኪያ የሚቆጥር ሠንጠረዥ አሳተመ። ያችን መለኪያ ዛሬ ፖይንት እንላታለን፤ ትርጉሟ ነጥብ ነው። ከእሱ በኋላ ዲዶ የሚባል ሌላ ፈረንሳዊ አታሚ ፖይንቷን በፈረንሳይ ንጉሥ እግር ከሚጠራው የርዝመት መለኪያ ጋር አያያዛት። አሜሪካኖች ደግሞ በ1886 የራሳቸውን ወሰኑ። ሦስቱም በጥቂቱ ይለያያሉ።

አሁን ኮምፒዩተሮቻችን የሚሠሩበት ልክ ቀላል ነው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው፤ አንድ ኢንች 72 ፖይንት ነው። ስለዚህ አንድ ፖይንት 0.35 ሚሊሜትር ያህል ትሆናለች። 12 ፖይንት አንድ ፒካ ይባላል፣ 6 ፒካ አንድ ኢንች ነው። 12 ፖይንት በሚሊሜትር 4.23 ነው። ይህችን ቁጥር የያዘ ሰው በተራ የትምህርት ቤት ማስመሪያ ብዙ ሥራ ይሠራል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ሰው የሚስተውም እዚህ ነው። «ዕብራይስጡን በ12 ጻፍን፣ አማርኛውንም በ12 ጻፍን፣ እኩል ነው» ይባላል። እኩል አይደለም። በእርሳስ ፊደል ዘመን 12 ፖይንት የሚባለው ፊደሉ የተቀመጠበት የብረት ቁራጭ ልክ ነበር፤ በላዩ የተቀረጸው ፊደል ግን ያንን ቁራጭ ሊሞላውም፣ በመሐሉ ትንሽ ሆኖ ሊቀመጥም ይችላል። ኮምፒዩተሩም ይህንኑ ወርሷል። ብረቱ ቀረ፣ የማይታይ ሣጥን ተተካ። ዊንዶውስ ቪስታ ይዞት የመጣው ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት በሣጥኑ ውስጥ ትንሽ ሆኖ የሚቀመጥ ነው። አቢሲኒካ የሚባለው ደግሞ ገዘፍ ይላል። ሁለቱንም 12 ብላችሁ ጎን ለጎን አትሙና ተመልከቱ፤ ያንድ ቤት ልጆች አይመስሉም። ስለዚህ «ፊደሉ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «የትኛው ፎንት ነው? ሲታተምስ ስንት ሚሊሜትር ቆመ?» ብለን እንጠይቅ።

ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ ማስመሪያ አለ። ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ነው። በላዩ የእንግሊዝኛው ትልቁ «ኢ» ከደቃቅ እስከ ግዙፍ በተለያየ መጠን ታትሞበታል። የታተመ ጽሑፍ ላይ ታስቀምጡታላችሁ፣ የሚገጥመውን «ኢ» ትፈልጋላችሁ፣ አጠገቡ ያለው ቁጥር የፊደሉን መጠን ይነግራችኋል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ለእኛ ፊደል ግን አይሠራም። ምክንያቱም የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም። «መ»ን ከ«ኟ» አጠገብ አስቀምጧት። «መ» አጠር ብላ ትቀመጣለች፤ «ኟ» ከላይ ሰረዝ፣ ከታች ሰረዝ ይዛለች። በየትኛው ትለካላችሁ?

ስለዚህ የራሳችንን ማስመሪያ እንሥራ። ማንም ወጣት በግማሽ ሰዓት ሊሠራው ይችላል። መጀመሪያ የምትጠቀሙበትን ፎንት ምረጡ። ከዚያ አንድ ቃል ከ9 ፖይንት እስከ 18 ፖይንት እየጨመራችሁ፣ በየመጠኑ አንድ መስመር ጻፉ፤ በየጎኑም ቁጥሩን አስቀምጡ። ቃሉ ከላይም ከታችም ተቀጽላ ያላቸው ፊደሎች ይኑሩት። እኛ «ቋንቋችን» የሚለውን እንመርጣለን። «ቋ» ከታች ትዘረጋለች፣ «ች» ከላይ ቆብ አላት፣ ትርጉሙም ለሥራው ይስማማል። ከጽሑፉ በታች ልክ 100 ሚሊሜትር የሆነ መስመር አስምሩ። ይህን ሁሉ እዚህ ሽቃፍ በምንለው ግልጽ ላስቲክ ላይ አትሙ። የሌዘር ማተሚያ ከሆነ ላስቲኩ ለሌዘር የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ፤ ካልሆነ ውስጥ ይቀልጥባችኋል። ሲታተም «ከገጹ ጋር አስማማ» የሚለውን ትታችሁ 100 በመቶ የሚለውን ምረጡ። ከወጣ በኋላ ያችን 100 ሚሊሜትር መስመር በእውነተኛ ማስመሪያ ለኩ። 97 ሆና ከተገኘች ማተሚያው ሳይነግራችሁ ሁሉንም አሳንሷል ማለት ነው፤ እንደገና አትሙ።

ማስመሪያው ከተሠራ በኋላ ወደ አያታችን ቤት እንሂድ። «ያለ ችግር የሚያነቡት የትኛውን መጽሐፍ ነው?» ብለን እንጠይቅ። ያመጡልንን መጽሐፍ ገልጠን ሽቃፉን እናስቀምጥበት። የፊደሉ ቅርጽ ቢለያይም ቁመቱ ከየትኛው መስመር ጋር እንደሚቀራረብ ይታያል። ለዚያ ቤት የሚበቃው መጠን ያ ነው። ቁጥሩን ያገኘነው ከአንባቢው ነው፤ ለሌላ ፊደል የወጣ ደንብ አላስፈለገንም።

ሁለተኛው የሚለካ ነገር የመስመር ክፍተት ነው። በእርሳሱ ዘመን በመስመርና በመስመር መካከል ቀጭን የእርሳስ ቁራጭ ይገባ ነበር። ዛሬ የሚለካው ከአንዱ መስመር እግር እስከ ሚቀጥለው መስመር እግር ነው። በታተመ ወረቀት ላይ አንዱን ክፍተት ብቻ መለካት ያሳስታል። አሥራ አንድ መስመር ቁጠሩ፤ ከመጀመሪያው መስመር እግር እስከ አሥራ አንደኛው እግር ለኩና ለአሥር አካፍሉ። 49.4 ሚሊሜትር ካገኛችሁ ክፍተቱ 14 ፖይንት ነው። 63.5 ካገኛችሁ 18 ፖይንት ነው።

ይህ ለአማርኛ ለምን ይበልጥ ያስፈልጋል? የዕብራይስጥ ፊደሎች ያለ ኒቁድ ሲጻፉ አብዛኞቹ በአንድ ቁመት ተሰልፈው ይሄዳሉ። ላሜድ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ቁፍና አንዳንዶቹ የቃል መጨረሻ ፊደሎች ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ሌላው ረድፉን አይለቅም። በእኛ ግን አናባቢው እዚያው ፊደሉ አካል ላይ ነው። አንዱ ቀለበት ይይዛል፣ አንዱ እግሩን ያረዝማል፣ አንዱ ቆብ ይደፋል። «ሁ» እና «ሂ»፣ «ቢ» እና «ቤ» የሚለዩት በደቃቅ ምልክት ነው። መስመሩ ሲጠጋጋ የላይኛው መስመር እግር ከታችኛው ቆብ ጋር ይጣበቅና ምልክቱ ይጠፋል። ምልክቱ ሲጠፋ ቃሉ ይለወጣል። ስለዚህ እኛ ለወላጆች በምናሰናዳው ገጽ ላይ ለ12 ፖይንት ፊደል 18 ፖይንት ክፍተት እንሰጣለን። ወረቀት ይበላል፣ እውነት ነው። ያልተነበበ ወረቀት ግን ሙሉውን ባክኗል።

ሦስተኛው የዓምድ ስፋት ነው። የ«ኤ4» ወረቀት 210 በ297 ሚሊሜትር ነው። ግራና ቀኝ 20 ሚሊሜትር ኅዳግ ብንተው 170 ይቀራል። ሁለት ዓምድ ብናደርገውና በመሐል 6 ሚሊሜትር ብንተው እያንዳንዱ ዓምድ 82 ሚሊሜትር ይሆናል። ሦስት ብናደርገው ግን ወደ 53 ሚሊሜትር ይወርዳል። «እንደሚያስፈልጋቸው» እና «ስላልተመዘገባችሁ» የሚሉትን ቃላት በ53 ሚሊሜትር ውስጥ አስገቡ እስቲ! ግስ በአማርኛ ረጅም ነው፤ ቃሉ ሳይቆረጥ ወደ ሚቀጥለው መስመር ይሄዳል፣ ከኋላው ሰፊ ባዶ ቦታ ይተዋል። ግራና ቀኙ እኩል ይሁን ከተባለ ደግሞ በቃላቱ መካከል በሬ የሚያሳልፍ ክፍተት ይከፈታል። ሁለት ዓምድ ይበቃል። ጠባብ ቦታ ላይ ደግሞ የግራው ጠርዝ ቀጥ ብሎ ቀኙ እንደፈለገ ይሁን።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጥበብ ብቻ እንዳይመስለን። አባቶቻችን ያነበቡት ኦሪት በግዕዝ በብራና ላይ ተጽፎ እንደ መጽሐፍ የተጠረዘ ነው። የብራና ጸሐፊ አንድ ፊደል ከመጻፉ በፊት ብራናውን በወስፌ ይበሳል፣ በማስመሪያ ያሰምራል። መስመሩ ቀለም የለውም፤ ብራናው ላይ ተጭኖ የቀረ ፈለግ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ብዕሩን የሚያነሣው። እዚህ የምናየው የሴፈር ቶራ ጸሐፊም እንዲሁ ያደርጋል። መጀመሪያ ስርጡት የሚባለውን መስመር ያሰምራል፣ ፊደሎቹን ከመስመሩ በታች ያንጠለጥላል፤ በአብዛኛው በዓምዱ 42 መስመር አለ። አንዱ የተጠረዘ፣ ሌላው የተጠቀለለ ነው፤ ሁለቱም ግን ሳይለኩ አይጽፉም። ሁለቱም የእኛ ናቸው። የግዕዝ ፊደል በማተሚያ መጽሐፍ የሆነውም ከብዙ ዘመን በፊት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1513 ሮም ላይ በታተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። ከ500 ዓመት በላይ የታተመ ፊደል በወረቀት ጥግ ላይ የሚጨመቅበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ሁለት ቋንቋ ገጽ እንመለስ፤ እዚህ ያለነው ወጣቶች በብዛት የምንሠራው እሱን ነውና። የዕብራይስጥ ፊደል ከቃል መጨረሻ ፊደሎቹ ጋር 27 ነው። የእኛ መደበኛው ብቻ 33 በ7፣ 231 ነው። 231 ፊደል እርስ በርሱ ሳይምታታ እንዲነበብ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ አሠራሩ ይለወጥ። ልማዱ ዕብራይስጡን መጀመሪያ አስውቦ ጨርሶ አማርኛውን በተረፈው ቦታ ማፍሰስ ነው። እኛ የምንለው መጀመሪያ ሁለቱም ጽሑፎች ይለቁ፣ እያንዳንዱ በሚነበብበት መጠን ይቀመጥ፣ ቁመቱ በማስመሪያ ይለካ፣ ከዚያ ቦታው ይከፋፈል። አማርኛው አንድ ገጽ ተኩል ከሆነ አንድ ገጽ ተኩል ይሰጠው። ካልበቃ ጽሑፉ ይጠር እንጂ ፊደሉ አይደቅ።

ገጹን ስንቆጥርም ሁለቱን ቋንቋ አስበን እንቁጠር። ዕብራይስጥ ከቀኝ ይከፈታል፣ አማርኛ ከግራ። አንድ መጽሔት በሁለቱም በኩል ሽፋን ኖሮት መሐል ላይ ሊገናኝ ይችላል፤ ያምርበታልም። ግን በመሐሉ በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት ገጹ ለአራት የሚካፈል መሆን አለበት፤ አንድ የታጠፈ ወረቀት አራት ገጽ ነውና። 30 ገጽ የለም፤ ወይ 28 ወይ 32 ነው። ይህን ቀድሞ ያላሰበ ሰው በመጨረሻው ሌሊት ሁለት ገጽ ሲጎድለው የሚቆርጠው ከአማርኛው ነው።

ወደ ቤት ዱፉስ ከመላካችን በፊት የምንለካቸው ጥቂት ነገሮች ቀርተዋል። ቀለም ወይም ፎቶ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ከሄደ በየጎኑ 3 ሚሊሜትር አሳልፉት፤ መቁረጫው በፀጉር ያህል ሲስት ነጭ መስመር እንዳይታይ። ፎቶ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ያስፈልገዋል። 1600 ፒክሰል ስፋት ያለው ፎቶ በዚህ ልክ 13.5 ሴንቲሜትር ብቻ ይሸፍናል፤ ስለዚህ በስልክ መልእክት ተጨምቆ የመጣ የሰርግ ፎቶ ሙሉ ገጽ አይሆንም፤ ዋናውን ጠይቁ። የጽሑፉ ጥቁር ከጥቁር ቀለም ብቻ ይሁን። ከአራቱ ቀለም የተደባለቀ ከሆነና አንዱ ትንሽ ከሸሸ ቀጭኑ የአማርኛ ምልክት ጥላ ያወጣል። ይህን በማጉያ መነጽር ማየት ይቻላል።

ወረቀቱንም ለኩ። ለዚህ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። አሥራ ስድስት የ«ኤ4» ወረቀት አንድ ካሬ ሜትር ነው። 80 ግራም የሚባለው ወረቀት አንዱ ቅጠል 5 ግራም ይመዝናል፤ አሥሩ 50 ግራም። አሥሩን መዝናችሁ 37 ግራም ካገኛችሁ ወረቀቱ 60 ግራም ገደማ ነው፤ የጀርባው ጽሑፍ ወደ ፊት እየታየ ዓይን ያደክማል። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚባለው ለሸማና ለእንጨት ብቻ አይደለም።

ከመለኪያዎቹ ሁሉ የሚበልጠው ግን በሱቅ አይሸጥም፤ ራሱ አንባቢው ነው። ማንኛውም ለወላጆች የሚሆን ወረቀት ከመታተሙ በፊት አንድ ገጽ በትክክለኛው መጠን ይውጣና ለሦስት ትልልቅ ሰዎች ይሰጥ። በቀን ብርሃን ሳይሆን በማታ፣ ወረቀቱ በሚነበብበት በወጥ ቤት መብራት ሥር ይሁን። «ያምራል ወይ?» ብለን አንጠይቃቸው፤ ወላጆቻችን ልጅ የሠራውን አያንቋሽሹም፣ «ያምራል ልጄ» ነው የሚሉን። ይልቅስ «እስቲ ጮክ ብለው ያንብቡልን» እንበላቸው። የት እንደሚቆሙ፣ የቱን ቃል ሁለት ጊዜ እንደሚያነቡ እንመልከት። እዚያ ቦታ ላይ እርሳስ ይዘን ምልክት እናድርግ።

እናንተ ወጣቶች፣ ሁለቱንም ቋንቋ የምታውቁ፣ በየማትናሱና በየትምህርት ቤቱ «አማርኛውን እባክህ አስገባልን» ትባላላችሁ። ስትባሉ ሽቃፋችሁን ይዛችሁ ሂዱ። «ይህ ቦታ አይበቃውም፣ 18 ፖይንት ክፍተት ይፈልጋል» በሉ። ቁጥር ያለው ንግግር ይሰማል። «ትንሽ ደቀቀ መሰለኝ» የሚለው ግን በትሕትና ታልፎ ይረሳል።

እናንተ አባቶችና እናቶች ደግሞ፣ አንድ ነገር እንለምናችሁ። ወረቀት ሲመጣና ማንበብ ሲያቅታችሁ «ዓይኔ ደክሟል» ከማለታችሁ በፊት «ይህ ፊደል ደቋል» በሉን። ጥፋቱን በራሳችሁ ላይ አታድርጉ። ወረቀቱን ስጡን፣ እንለካዋለን፤ ለላከውም መሥሪያ ቤት ስንት ሚሊሜትር እንደጎደለው እንጽፍለታለን።

ከስብሰባው በኋላ ሽቃፍና ማተሚያ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ይኖራል። እየመጣችሁ የየራሳችሁን ማስመሪያ ሥሩ፣ ወላጆችም ቀርባችሁ የሚስማማችሁን መጠን አሳዩን። የዘንድሮው መጽሔት የአማርኛ ገጽ በዚያ መጠን ይወጣል።